ከዘፈኑ በፊት ያለው ድምፅ

አውቶቡስ ተራ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ደህና መሆንህን ከሾፌሩ ከጠይብ አፍ ሰምቻለሁ፤ ጠይብ ግን ለሁሉም ሰው «ደህና ነው» ነው የሚለው፣ ለታመመውም ጭምር። ስለዚህ በራስህ እጅ ጻፍልኝ። የዘገየሁት አኩርፌ እንዳይመስልህ፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የምጽፈው እየጠፋኝ ነው። ስልክ ብደውል አትሰማኝ፣ ኢንተርኔቱ እናንተ ጋ ከጠፋ ቆየ፣ አጭር መልእክት ደግሞ ለኔ ወሬ ጠባብ ነው። እንግዲህ የቀረን የጠይብ አውቶቡስ ነው። ዓርብ ዓርብ አንዋር መስጊድ ሰግዶ ሲመለስ በራችን ያልፋል፤ ይህንንም የምሰጠው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ይሞላል ወይ ላልከኝ፣ አይሞላም። አንተ ጥግ ላይ ኪቦርድህን ዘርግተህ የምትቀመጥበት ጊዜ እንዳይመስልህ። ፊት ለፊታችን፣ የድሮው ጫማ መደብር ላይ፣ ሚኪ ካራኦኬ ከፍቷል። ታውቀዋለህ፣ እኛ ጋ ድራፍት ይቀዳ የነበረው፣ ሲሄድ መስታወት ባየ ቁጥር ፀጉሩን የሚነካካው። ከሱ ቀጥሎ ሌላ ቤት ተከፍቷል፣ ከዚያ ቀጥሎ ሌላ። የደራ ሰፈር ሆነናል።

ልዩነቱ እኔ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ እነሱ አላወጡም። የግጥምና የዜማ ባለቤቶቹ የተሰባሰቡበት የሙዚቃ መብት ማኅበር፣ ካራኦኬ ቤቶች ከፍላችሁ ፈቃድ ካልያዛችሁ የሰው ዘፈን ማጫወት አትችሉም ብሎ ደብዳቤ በተነ። ሰፈሩ በሙሉ በደብዳቤው ጠረጴዛ ጠረገበት። እኔ ሄጄ ከፈልኩ። ለምን ብትለኝ፣ ዘፈኑን የሠራው ሰውም ልጅ ያሳድጋል ብዬ ነው፤ አንተም ሙዚቀኛ ነህና። በሩ ላይ የሚለጠፍ አረንጓዴ ወረቀት ሰጡኝ። ደንበኛ ግን እሱን አያነብም፣ የሚያነበው የቢራውን ዋጋ ነው። እኔ ፈቃዱን ለመሸፈን ጨመርኩ፣ ሚኪ ቀነሰ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ዘመድኩን እንኳ ሄዷል። ያ ፊደል ያልቆጠረው ተሸካሚ፣ ስክሪኑን ማንበብ ስለማይችል አንተ በየዘፈኑ መግቢያ ላይ «አንድ፣ ሁለት፣ ግባ!» ብለህ የቀረጽከውን እየጠበቀ የሚገባው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጭነቱን እንደተሸከመ አንገቱን ይሰብራል። እኔም ሰላም ብዬው አልፋለሁ።

የአክስታችንን የእትዬ አዲስዓለምን ጉልበት ሳምልኝ። ስለ ጆሮህ ሳትደብቅ ጻፍ።

ሠርኬ


ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅት ዓለም፣

ይኸው በራሴ እጅ፦ ደህና ነኝ። ጠይብ ለአንድ ጊዜ አልዋሸም።

ጆሮዬን ጠይቀሻል። ግራው ከሄደ ቆይቷል፣ ቀኙም ተከትሎታል። በር ሲጋጭ በእግሬ ነው የማውቀው። ሐኪሙ «አይመለስም» ብሎ ጽፎ አሳየኝ፤ ለሐኪም ጥሩ የእጅ ጽሕፈት አለው። አታልቅሺ። እኔም አላለቀስኩም። ይመጣል ብዬ ጠብቄው ነበር፣ አልመጣም።

አክስታችን አሁንም ትጮህብኛለች፣ አንድ ቀን ቢሰማ ብላ ነው። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ይደነግጣል ይሉኛል። ቀን ቀን የሰው ስፒከርና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። መሥራቱን የማረጋግጠው መዳፌን ስፒከሩ ላይ ጭኜ ነው። ባለቤቶቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ዕቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ተበላሽቶ የተመለሰብኝ የለም።

አሁን ወደ አንቺ ነገር ልግባ። ሠርኬ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ከፍለሽ፣ ፈቃድ ይዘሽ፣ ከዚያ እጅሽን አጣጥፈሽ ሚኪ ደንበኛሽን ሲወስድ ታያለሽ? ያ ጸጉራም! ድራፍት አረፋ ብቻ አድርጎ የሚቀዳ ልጅ! ይኼ ውድድር አይደለም። አንቺ ጆንያ ተሸክመሽ እሱ ባዶ እጁን እየሮጠ «ቀደምኳት» ይላል። ይኼን የሚመለከት ንግድ ቢሮ አለ፣ ያ ማኅበርም አለ። ሄደሽ አመልክቺ። የሚያፍረው ያልከፈለው ነው፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?

እናታችን አረቄ ሸጣ ያሳደገችን ቤት ነው። አንቺ ከዚያ ቤት ሌላ ምን አለሽ? ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ወንድምሽ ደግሞ እኔ ነኝ። ቤቱ ከተዘጋ ምን ልትሆኚ ነው? ይኼንን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ፤ ጸጥታው ላይ ይኼ ተጨምሮ አልቻልኩትም።

ሄድሽ ወይስ ዝም ብለሽ ታወሪያለሽ? በሚቀጥለው ደብዳቤ «ሄጃለሁ» የሚል ቃል ካላየሁ አላነበውም።

የሚቆጣሽ ወንድምሽ፣
ቦጋለ


አውቶቡስ ተራ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ሄጃለሁ። አሁን አንብብ።

ንግድ ቢሮም ማኅበሩም ጋ አመለከትኩ። እግሬ አልሄድ ብሎኝ ነበር፤ አንተ ስለተቆጣኸኝ ነው። ማኅበሩ ሩሀማ የምትባል ተቆጣጣሪ ላከ። ትሑት ልጅ ናት፣ እርስዎ እያለች ነው የምታናግረኝ። ሚኪ ቤት ገብታ አንድ ዘፈን አዝዛ ሰማች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ እኔ ጋ ያንኑ ዘፈን አዘዘች። ሲጀምር ቀና ብላ አየችኝ። ሁለቱም ቤት ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ።

ሚኪ እኛ ጋ ሲሠራ አንተ በኪቦርድ የሠራሃቸውን ዘፈኖች በሙሉ ከማሽናችን ላይ በፍላሽ ገልብጦ ነው የወጣው። ለጎረቤቶቹም ያከፋፈለው እሱ ነው። ይህን ካወቅኩ ቆይቻለሁ፤ አልጻፍኩልህም፣ ይቅር በለኝ። ቤቱን የከፈተ ሰሞን ከመንገዱ ማዶ «አንድ፣ ሁለት፣ ግባ!» ሲል ሰምቼ፣ የመጣህ መስሎኝ ነጠላ ሳልደርብ ወጥቻለሁ። መሀል መንገድ ላይ ቆሜ የአትክልት ተራ ጋሪ ሊገጨኝ ነበር፤ ጋሪ ገፊው ሰድቦኝ ሄደ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁ። አሁን ሦስቱም ቤት ውስጥ በየተራ ስትቆጥር ትውላለህ። ለምጄዋለሁ።

ሩሀማ «ይኼ ድምፅ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሚኪ ከገበያ የገዛሁት ነው ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። «ባለድምፁን ነግረውን ከፈረሙ፣ ዘፈኖቹ ከእርስዎ ቤት መወሰዳቸው ይረጋገጣል። ያኔ የእሱ ቤት ይታሸጋል» አለችኝ። እኔ ላስብበት አልኳት። ምን የሚያሳስብ ነገር እንዳለው አላወቅኩም፤ ዝም ብሎ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ጫልቱን፣ አስተናጋጇን፣ ሚኪ ጋ ግቢ አልኳት፤ እኔ ጋ የምታስተናግደው ሰው የለማ። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ እስክትጨርስ ድረስ ቆምኩላት፤ አንጀቴ እንኳ አልተላወሰም። ይኼ ነገር ያስፈራኛል ልልህ ነበር፣ ግን አያስፈራኝም።

የላክህልኝ ማር ደርሷል። ተባረክ።

ሠርኬ


ደብረ ማርቆስ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅት ዓለም፣

ምኑን ነው የምታስቢበት? ስሜን ስጪያት! ቦጋለ በያት፣ ከነአባቴ ስም። ኪቦርዱን የተጫወትኩት እኔ፣ የቆጠርኩት እኔ። ሌባው ሌላ፣ የምትደበቂው አንቺ!

ለነገሩ ያንን ቆጠራ አጥፊው ብዬሽ ነበር። ለልምምድ ነበር የቀረጽኩት። እነ ዘመድኩን ወደዱት፣ ማንበብ ለማይችል ሰው መግቢያውን ያሳየዋል ብለሽ አስቀረሽው። ይኸው እንግዲህ ጠቀመ፤ ሚኪ ዘፈን ሲሰርቅ እኔንም አብሮ ሰርቆ ወሰደኝ። ሞኝ ሌባ፣ የሰረቀውን እንኳ አላጠበም።

«አታፍርም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል፣ ሦስት ቤት ሙሉ ሰካራም በኔ ድምፅ ሲዘፍን። ምን ያሳፍራል? እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኛል። እዚህ እኔን የሚሰማ የለም፣ እኔም የምሰማው የለም። እዚያ ግን ሰው አፉን ከፍቶ የሚጠብቀኝ ከሆነ፣ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፦ ድምፄ ምን ዓይነት ነው? ረሳሁት። ቀጭን ነው ወይስ ጎርናና? ሰው ሲሰማኝ ይስቃል?

ፈርሚ። ነገር አታብዢ። እትዬ አዲስዓለም «ትፈርም በላት» ብላ ጆሮዬ ሥር ጮኻለች፤ ከከንፈሯ አነበብኩት።

ቦጋለ


አውቶቡስ ተራ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ድምፅህ ጎርናና ነው። «ሁለት» ላይ ትንሽ ትሰበራለህ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። የሚስቅ የለም። ዝም ብለው ይጠብቁሃል።

ለምን አልፈረምሽም ላልከኝ፣ ሳትቆጣ አንብብ። ሩሀማን ሻይ ጋብዤ ጠየቅኳት፤ «የድምፁ ባለቤት ስሙ ከተጻፈ እሱስ ምን ይሆናል?» አልኳት። ሲኒዋን አስቀመጠችው። «እትዬ ሠርኬ፣ የማጫወት ፈቃድ ሌላ ነው፣ የመሥራት ፈቃድ ሌላ ነው» አለችኝ። የኔ ተለጣፊ ለማጫወት ነው። አንተ ግን የሰውን ዜማ አንድ በአንድ በእጅህ መልሰህ ስትቀርጽ ባለቤቶቹን አልጠየቅክም። ማን ይጠይቃል? በእጁ የተጫወተ ሰው ሥራው የራሱ ነው ብለን ነበር ሁላችንም፤ የሰፈሩ ኪቦርዲስት በሙሉ እንደዚያ ነው የሚያምነው። እንደዚያ አይደለም ለካ። ሕጉ ላይ ከሚኪ በፊት የሚጠየቀው አንተ ነህ፣ ከምንጩ ይጀመራል ነው የሚሉት። ይህን ስትነግረኝ ልጅቷ ዓይኔን አላየችኝም። ስም እንድሰጣትም አልወተወተችኝም።

እኔ ቤቴን ላተርፍ ብዬ፣ የሚሉትን የማይሰማ ወንድሜን ችሎት ላቁም? ሚኪ ይታሸግልኝ ብዬ? ቤቱ የእናታችን ነው፤ አንተም የእናታችን ነህ።

ነገ ማኅበሩ ጋ እሄዳለሁ። ምን ልል እንደምሄድ አሁን አልነግርህም፣ በብዕር ትጮህብኛለህ። ስመለስ እጽፋለሁ።

ሠርኬ

በኋላ የተጨመረ፦ የጠይብ አውቶቡስ ሞተሩ ነክሶ ጋራዥ ገብቷል። ለሌላ ሾፌር ይህን ደብዳቤ አላምንም። እስኪጠገን ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።


ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅት ዓለም፣

የየካቲቱ ደብዳቤሽና «ጫልቱ አየሁት ትላለች፣ አዲስ አበባ ምን ታደርግ ነበር?» ያልሽበት ብጣሽ ወረቀት አንድ ላይ ዛሬ ደረሱኝ። ጠይብ ሁለቱንም አስታቅፎኝ ሄደ። የየካቲቱ ቀድሞ ቢደርሰኝ ኖሮም ይኼንኑ ነበር የማደርገው፤ አትጸጸቺ።

ጫልቱ ዓይኗ አልዋሸም። ደብዳቤ ሲጠፋብኝ በሌላ አውቶቡስ መጣሁ። ቅዳሜ አመሻሽ ሚኪ ቤት ገብቼ አምቦ ውሃ አዘዝኩ። ሚኪ አላወቀኝም፤ ጢሜን አሳድጌያለሁ። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ጭኜ ከበሮውን ያዝኩት። ዘመድኩን ማይክ ያዘ። አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ከመዳፌ ጋር ልክ ነበር፣ አንዲት አላሳለፈም። ከዚያ ጫልቱ መጣችና ደነገጠች፣ ጣቴን አፌ ላይ አደረግኩባት።

በበሩ በኩል ያንቺ ቤት ይታያል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። አንቺ ብቻሽን ተቀምጠሽ ስክሪኑን ታያለሽ፣ ግጥሙ ለማንም ያልፋል። ሠርኬ፣ መንገዱን መሻገር አቃተኝ። ብሻገር ምን እልሻለሁ? አለቀስኩ፣ እዚያው ሚኪ ቤት፣ አምቦ ውሃ ይዤ። ካልጠፋ ቦታ እዚያ መጣብኝ።

ሰኞ ጠዋት ማኅበሩ ጋ ሄድኩ። ሩሀማ የምትጠይቀኝን በወረቀት እየጻፈች ታሳየኝ ነበር። «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ጻፈች፣ ከሥሩ ደግሞ አሰመረችበት። «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ድምፁ የኔ ነው፣ ዘፈኖቹን በሙሉ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሚኪ የወሰደውም ከእኅቴ ቤት ነው። ፈረምኩ። አድራሻ ሲሉኝ ያንቺን ሰጠሁ። ልጅቷ ሌላ ነገር ልትጽፍ ብዕሯን አነሣች፣ ከዚያ ተወችው።

አሁን ደብዳቤሽን ሳነብ እኔም እንደምጠየቅ ገባኝ። ይጠይቁኝ። ሚኪ ይታሸግ፣ እኔም ልጠየቅ፤ ዋናው የአንቺ በር መከፈቱ ነው። እባክሽ ወንበሮቹን አውርጂያቸው። ደንበኛ የተገለበጠ ወንበር ሲያይ ይመለሳል።

እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜ ሆኖኛል፤ ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ቦጋለ


አውቶቡስ ተራ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ፋሲካ እንዴት ነበር ብለህ በጠይብ ለላክብኝ፣ ነበር። ዶሮ አልሠራሁም። ጫልቱ ድፎ አምጥታልኝ አብረን ቆረስን።

በዚያ የየካቲት ደብዳቤ ላይ ምን ልል እንደምሄድ አልነገርኩህም። አቤቱታዬን ላነሣ ነው የሄድኩት። አነሣሁት፣ ማኅበሩም ንግድ ቢሮም ጋ። ስለ ድምፁ ደግሞ አላውቀውም ብዬ ፈረምኩ። ያኔ አንተ ገና ማርቆስ ነበርክ። ወዲያው ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር፤ የጠይብን ሞተር ምክንያት አድርጌ ተኛሁበት።

ከዚያ ማኅበሩ ከሰፈሩ ጋር ተስማማ። ካሁን በኋላ ለሚከፍል ያለፈው ይቅር ተባለ። ሚኪ ከፈለ፣ ጎረቤቶቹም ከፈሉ፤ ሁሉም በር ላይ እንደኔው አረንጓዴ ወረቀት አለ። የቢራው ዋጋም እኩል ሆነ። አሁን ውድድሩ ትክክለኛ ነው፣ ማንም በማንም ላይ የሚያነሣው ነገር የለም። ደንበኛው ግን አልተመለሰም። እዚያ ጓደኛ አፍርቷል፣ እኔ ጋ ምን ይሠራል?

ከሳሽ ስለሌለ የሚጠየቅም ሰው አልነበረም። አንተ ገብተህ በእጅህ እስክትጽፍ ድረስ።

በዚህ በካራኦኬው ነገር፣ ከዚህ ሰፈር በሙሉ፣ ፋይል የተከፈተበት ሰው አንድ አንተ ብቻ ነህ፤ ይቅርታው ላጫወተ እንጂ ለሠራ አይደለም። ሚኪ እንኳ ምስክር ነው። ሩሀማ መጥሪያውን ራሷ ይዛልኝ መጣች። «ልነግራቸው ነበር፣ ቃላቸውን ተቀባይ ሆኜ ይቅርብዎት ማለት አልቻልኩም» አለችኝና በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ግቢ አልኳት፣ እምቢ አለች። ሰው ሁሉ እኔ ጋ እየመጣ ያለቅሳል።

እኔ መጥሪያውን አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ምሳ በላሁ። ልናደድብህ ፈልጌ ነበር። ስንት ለፍቼ፣ ስንት ዋሽቼ ካወጣሁህ በኋላ ተመልሰህ ገባህበት። ግን ምንም የለም ወንድምጋሼ፣ ውስጤ ጭጭ ብሏል። ትልቁ ነገር፣ እንደምወድህ አውቃለሁ፤ ማወቁ ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱም ይበቃል።

ቤቱን ለአንድ የአትክልት ተራ ነጋዴ አከራይቼዋለሁ። ሽንኩርት ያስቀምጥበታል። እኔ ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ ነኝ፣ የእናታችን መኝታ የነበረችው ውስጥ። ወንበሮቹን ሚኪ ወሰዳቸው። አታዝንብኝ፣ እኔ አላዘንኩም።

መጥሪያው ከዚህ ጋር አለ። ቀጠሮው ግንቦት 11 ሰኞ ነው። እሑድ ከጠይብ ጋር ተሳፈር፤ ከፊት ወንበር አስቀምጠው ብዬዋለሁ። ሐኪሙ «አይመለስም» ብሎ የጻፈልህን ወረቀት አትርሳ። ጢምህን ተላጭ፣ ነጭ ሸሚዝህን ልበስ፤ ከሌለህ እኔ ጋ የአባባ አለ። እትዬ አዲስዓለም እመጣለሁ ካለች ተዋት፣ ችሎት ውስጥ ትጮሃለች።

ጠበቃ ማቆም አልቻልኩም። ጎንህ እንድቀመጥ ግን ሩሀማ አስፈቅዳልኛለች። የሚባለውን ሁሉ እየጻፍኩ አሳይሃለሁ፤ የሚከብድህ ነገር ቢኖርም አልዘልም። ሰው ብዙ ነው አሉ፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። በር በሩን አትይ፣ ከንፈራቸውንም ለማንበብ አትጨነቅ። ዝም ብለህ ተቀመጥ። ስምህን ሲጠሩ ክንድህን እይዝሃለሁ። ያኔ ተነሣ።

ሠርኬ